የሌሊቱ ሰይፍ ዓሣ፦ በፍሎሪዳ ጥልቅ ባሕር ላይ እንዴት ይጠመዳል?

ከማያሚ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ጀልባ ከሥሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ውኃ አለ። ጣና ሐይቅ እጅግ በሚጠልቅበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ የፍሎሪዳ ባሕር የሚኖረው፣ የላይኛው መንጋጋው እንደ ሰይፍ የረዘመው ሰይፍ ዓሣ ቀን ቀን ከ400 እስከ 600 ሜትር ወርዶ ይውላል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ሽቅብ ይወጣል፤ ሌሊቱን አብዛኛውን ጊዜ ከውኃው ገጽ እስከ 100 ሜትር ባለው ክፍል ውስጥ ሲያድን ያነጋል፤ ጎሕ ሲቀድ ተመልሶ ይወርዳል። የሌሊቱ አጠማመድ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ምልልስ ነው። ዓሣውን ፍለጋ እስከ ጥልቁ ድረስ መውረድ አያስፈልግም፣ ራሱ ይመጣል። የአጥማጁ ሥራ ዓሣው በሚያድንበት ከፍታ ላይ ምግብና ብርሃን አንጠልጥሎ መጠበቅ ነው። ችግሩ ያ ከፍታ በየሌሊቱ፣ አንዳንዴም በየሰዓቱ መለዋወጡ ነው።

ለምን በሌሊት?

ሰይፍ ዓሣ የሚወጣው ምግቡን ተከትሎ ነው። ስኩዊድና ፋኖስ ዓሣ የሚባሉት የጥልቅ ውኃ ፍጥረታት ቀን በብርሃን ለአዳኝ እንዳይጋለጡ ከታች ይደበቃሉ፤ ሲመሽ ጨለማን ተገን አድርገው ለመመገብ ይወጣሉ። ከብዛታቸው የተነሣ በጀልባው ሶናር (በድምፅ ሞገድ የውኃውን ውስጥ በሚያሳየው መሣሪያ) ላይ እንደ ደመና ንጣፍ ሆነው ይታያሉ። ፀሐይ ስትገባ ያ ንጣፍ በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ሲነሣ ማየት ይቻላል። ልምድ ያለው ካፒቴን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ይህን ነው፤ ማባበያዎቹን የሚሰቅለውም በንጣፉ ውስጥና ከንጣፉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው።

ዓሣው በጨለማና በብርድ የሚያድነው በዓይኑ ነው። ከዓይኑ ጡንቻዎች የአንደኛው ክፍል ዓይን ማንቀሳቀሱን ትቶ ሙቀት ማመንጫ ሆኗል፤ ዓይኑንና አንጎሉን በዙሪያው ካለው ውኃ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አስበልጦ ያሞቃል። ፍራንሲስ ኬሪ የተባለው ተመራማሪ ይህን አካል በ1982 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ የሞቀው ዓይን ፈጣን እንቅስቃሴን የመለየት ችሎታው በጥልቁ ውኃ ከሚቀዘቅዝ ዓይን ከአሥር እጥፍ በላይ እንደሚሆን አሳይቷል። ለአጥማጁ የዚህ ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፦ በደንብ ያልተሰፋና እየተሽከረከረ የሚሄድ ማባበያ በድቅድቅ ጨለማም ይታወቅበታል።

ጨረቃም ከዚሁ የብርሃን ጉዳይ የምትገባ ናት። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ንጣፉ ወደ ላይ ለመውጣት ይፈራል፤ ሰይፍ ዓሣውም ጠለቅ ብሎ ይቆያል። ስለዚህ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ማባበያዎቹን ከ60 እስከ 150 ሜትር ማውረድ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ግን ከ20 እስከ 80 ሜትር ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ የምትወጣ ከሆነ ማባበያዎቹም ከወጣች በኋላ ከ20 እስከ 30 ሜትር መውረድ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት የሠራው ጥልቀት እስኪነጋ ይሠራል ብሎ ይቀመጣል።

ቦታውና ጅረቱ

በማያሚና በፎርት ላውደርዴል ፊት ለፊት የሌሊት አጥማጆች የሚመርጡት ወለሉ ከ365 እስከ 550 ሜትር የሚጠልቅበትን መስመር ነው። ወለሉ ላይ ጉብታ ወይም ገደል ያለበት ቦታ ይመረጣል፤ ጅረቱ ከጉብታው ጋር ሲላተም ውኃው ስለሚታወክ ምግቡ እዚያ ይሰበሰባል።

እዚህ መልሕቅ አይጣልም። ገልፍ ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ የባሕር ጅረት ወደ ሰሜን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ኖት ፍጥነት ይፈስሳል። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ጅረቱ 3 ኖት በሆነበት ሌሊት ለስድስት ሰዓት የተንሳፈፈ ጀልባ ከ33 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይወሰዳል። በመሆኑም ጉዞው የሚታሰበው ከመጨረሻው ነው፦ ንጋት ላይ የት መገኘት እንደሚፈለግ ይወሰንና ከዚያ ወደ ደቡብ ተቆጥሮ መነሻው ይመረጣል። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ቦታው ላይ ደርሶ ማባበያ የሚንጠለጠልባቸውን አራት ክሮች በብርሃን አዘጋጅቶ መጨረስ ይገባል። ከመሸ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ንጣፉ የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ ክር በመፍታት ሊባክኑ አይገባም።

ይኸው ቦታ የጭነትና የመንገደኛ መርከቦች መተላለፊያ ነው። ሞተሯን አሳርፋ በጨለማ የምትንሳፈፍ ትንሽ ጀልባ ለትልቅ መርከብ አትታይም ብሎ ማሰብ ነው የሚበጀው። ሕጋዊ የጉዞ መብራቶች ይብሩ፤ የመርከቦችን ቦታና አቅጣጫ የሚያሳየው መሣሪያ ክፍት ይሁን፤ ሬዲዮው የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት በቻናል 16 ላይ ይቆይ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሰው ዓሣ ቢያዝም ባይያዝም አድማሱን ብቻ የሚጠብቅ ይሁን። ዓሣ ሲያዝ ሁሉም ወደ ዘንጉ ይሮጣል፤ አደጋው የሚመጣውም ያኔ ነው። የመንሳፈፊያ ሰደርያ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ሰውነት ላይ መሆን አለበት፤ መብራትም ይኑረው። ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ ወደ ሰሜን ከሚፈስሰው ጅረት ጋር ሲጋጭ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ግድግዳ ይሆናል። በዚያ ባሕር ከሰሜን 15 ኖት ነፋስ የተተነበየበትን ሌሊት መተው ነው፤ ከምሥራቅ ቢሆን ምናልባት ይቻል የነበረው ነፋስ ከሰሜን ሲሆን አይቻልም። የጉዞ መስመርና የመመለሻ ሰዓት የብስ ላይ ለሚቀር ሰው መስጠት፣ በሳተላይት የአደጋ ጥሪ የሚያስተላልፍ መሣሪያ መያዝም ግዴታ ተደርጎ ይታይ።

ዕቃው

አራት ጠንካራ ዘንጎችና ክሩ የሚጠቀለልባቸው ማጠንጠኛዎች ይበቃሉ። ማጠንጠኛው ቢያንስ 500 ሜትር፣ 36 ኪሎ የሚሸከም ክር የሚይዝ መሆን አለበት፤ የተያዘ ሰይፍ ዓሣ ወደ ወለሉ መውረድ ከፈለገ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሊወስድ ይችላል። በክሩ ላይ በየ15 ሜትሩ በሰም የተቀባ ክር አጥብቆ በመቋጠር ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። በጨለማ በጣት እየዳሰሱ መቁጠር የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው፤ በግምት የወረደ ማባበያ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ከዋናው ክር ጫፍ ከ90 እስከ 135 ኪሎ የሚሸከም ወፍራም የናይለን ክር ይቀጠላል፤ ይህን የጫፍ ክር እንበለው። ብረት ሽቦ አያስፈልግም፤ አዋቂ ሰይፍ ዓሣ ጥርስ የለውም። ክሩን የሚበላው የሰይፉ ስለታም ጠርዝና የገላው መፈግፈግ ነው፤ ውፍረቱ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይሁን። ከእያንዳንዱ ትግል በኋላ በጣት ይዳሰስ፤ ሸካራ ሆኖ ከተገኘ ተቆርጦ ይጣላል። ለአንድ ሜትር ናይለን ሲሳሱ የሌሊቱን ዓሣ ማጣት በየጊዜው የሚደጋገም ስሕተት ነው።

ስኩዊዱን መስፋት

የተለመደው ማባበያ ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ስኩዊድ ነው። የቀዘቀዘው ስኩዊድ በረዶ በገባበት የባሕር ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈታል፤ በቧንቧ ውኃ ከተፈታ ሥጋው ይነጣል፣ ይልፈሰፈሳል። መንጠቆው ቁጥር 8/0 ወይም 10/0 ነው፤ ጫፉ ከመውረዱ በፊት በሞረድ ይሳል።

አሰፋፉ እንዲህ ነው። የጫፍ ክሩ ከስኩዊዱ ሹል ጫፍ ገብቶ በሆዱ ውስጥ ያልፍና በጭንቅላቱ በኩል ይወጣል። መንጠቆው ይታሰርበታል፤ ከዚያ ክሩ ወደ ኋላ ሲሳብ የመንጠቆው ግንድ ሆዱ ውስጥ ይገባል፣ መታጠፊያውና ጫፉ ግን ከጭንቅላቱ አጠገብ ወደ ውጭ ወጥተው ይቀራሉ። አሁን በመርፌና በሰም ክር ሁለት ቦታ ይሰፋል። አንደኛው ሹሉ ጫፍ ነው፤ እዚያ የስኩዊዱ ሥጋ ከጫፍ ክሩ ጋር አምስት ስድስት ጊዜ ተጠልፎ ካልተሰፋ በውኃው ግፊት ወደ መንጠቆው ይንሸራተትና እንደ ወረደ ካልሲ ይጨማደዳል። ሁለተኛው ጭንቅላቱና ሆዱ የሚገናኙበት ነው፤ ሰይፍ ዓሣ መጀመሪያ የሚያደርገው በሰይፉ መምታት ስለሆነ ያልተሰፋ ጭንቅላት በመጀመሪያው ምት ይበጠስና መንጠቆው ባዶውን ይቀራል።

ከመውረዱ በፊት ማባበያው በጀልባው ጎን ውኃ ውስጥ ይጎተት። ቀጥ ብሎ ከሄደ ይውረድ። ከተሽከረከረ ወይ መንጠቆው ከመሐል ወጥቷል፣ ወይ አንዱ ስፌት ጠብቋል፤ ተፈትቶ ይሰፋ። የሚሽከረከር ማባበያ ዓሣ አለመሳቡ ብቻ አይደለም፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጫፍ ክሩን ገምዶ ከመብራቱ ጋር ይተበትበዋል። ስኩዊድ ሲታጣ ማኬሬል የሚባለው ዓሣ ወይም የቦኒቶ ዓሣ የሆድ ሥጋ ይሠራል፤ ሕያው ዓሣ ማቆየት የሚችል ጀልባም በሕያው ማባበያ ያጠምዳል። ስኩዊድ የሚመረጠው ስፌቱን ስለሚይዝና ዓሣው ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ምግብ ስለሆነ ነው።

መብራቱ ከማባበያው ከ2 እስከ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል። በባትሪ የሚሠራ ብልጭ ድርግም የሚል ትንሽ መብራት ወይም ተሰብሮ የሚበራ የኬሚካል ዱላ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን በውኃ ውስጥ ከቀይ እጅግ ርቆ ይሄዳል። ስለ ቀለም ብዙ ክርክር አለ፤ አዋጩ መንገድ በአራቱ ክሮች ላይ የተለያየ ቀለም አድርጎ ጀምሮ የተነካውን ማስተዋል ነው። መብራቱን ከማባበያው ጋር አጣብቆ ማሰር ግን በፍጹም አይገባም፤ ዓሣው መብራቱን ይመታል።

ማባበያውን ወደ ታች የሚያወርደው የእርሳስ ክብደት ከማባበያው ከ7 እስከ 9 ሜትር ከፍ ብሎ በቀላሉ በሚፈታ ማያያዣ ይንጠለጠላል፤ ዓሣው ሲቀርብ አንድ ሰው ፈትቶ እንዲያነሣው ነው።

አራቱ ክሮች

አደራደሩ አንድ ሕግ አለው፦ ሩቁ ጥልቀቱ ያነሰ፣ ቅርቡ ጥልቀቱ የበዛ። የመጀመሪያው ማባበያ 30 ሜትር ወርዶ በተንሳፋፊ ፊኛ ይያዝና ከጀልባው 100 ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለተኛው 55 ሜትር ወርዶ በሌላ ተንሳፋፊ 50 ሜትር ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ያለ ተንሳፋፊ ከጀልባው አፍንጫ በኩል 85 ሜትር ይወርዳል። አራተኛው ከኋላ በኩል 120 ሜትር። ለተንሳፋፊዎቹ ከ250 እስከ 500 ግራም እርሳስ ይበቃል፤ ለጥልቁ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ። ተንሳፋፊው ከክሩ ጋር የሚያያዘው በላስቲክ ነው፤ ዓሣ ሲይዝ ላስቲኩ ይበጠስና ተንሳፋፊው ትግሉን አያደናቅፍም። እያንዳንዱ ተንሳፋፊ የተለያየ ቀለም ያለው ብርሃን ይኑረው፤ የቱ እንደጠፋ ከሩቅ ይታወቃል።

ጀማሪውን ሁሉ የሚያታልለው የክሩ ማዝመም ነው። ጅረቱ ጀልባውንም ክሩንም አብሮ ስለሚወስድ ብቻውን ክሩን ብዙ አያዘምመውም። ነፋስ ግን የሚገፋው ጀልባውን ብቻ ነው፤ ጀልባው ክሩን እየጎተተ ማባበያውን ወደ ላይ ያነሣዋል። ክሩ ቀጥ ብሎ ከወረደ 100 ሜትር ክር 100 ሜትር ጥልቀት ነው። በ45 ዲግሪ ካዘመመ ጥልቀቱ 70 ሜትር ገደማ ነው፤ በ60 ዲግሪ ካዘመመ 50 ሜትር ብቻ። ታዲያ ምልክቱን በትክክል ቆጥሮ፣ ማባበያውን ግን በግማሹ ጥልቀት አንጠልጥሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሰው አለ። መድኃኒቱ እርሳስ መጨመር፣ ወይም ከጀልባው አፍንጫ የውኃ ጃንጥላ ጥሎ ነፋሱ የሚገፋውን ፍጥነት መቀነስ፣ ወይም ካፒቴኑ በየጊዜው ሞተሩን ለጥቂት ሰኮንድ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይሻላል፤ ነገር ግን መሪው ላይ ያለማቋረጥ የሚቆም ሰው ይፈልጋል።

በየ30 ወይም 40 ደቂቃው ማባበያዎቹ ተራ በተራ ይታያሉ፤ አራቱ በአንድ ጊዜ ወጥተው ውኃው ባዶ እንዳይቀር። የወጣው ማባበያ ይነበባል። በጎኑ ረጅም የሰይፍ ጭረት ካለበት ዓሣው መጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ሌላ ማባበያ ወዲያው ወደዚያው ጥልቀት ይመለስ። ትንንሽ ንክሻ ካለበት የሌላ ስኩዊድ ሥራ ነው፤ እሱም መልካም ምልክት ነው፣ ምግቡ እዚያ አለ ማለት ነውና። የጫፍ ክሩ በንጹሕ ተቆርጦ ከመጣ ግን ጥርስ ያለው እንግዳ፣ ብዙ ጊዜ ሻርክ፣ ጎብኝቶታል።

ሲነካ

አብዛኛው ዓሣ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰላሳ ሰኮንዶች ነው፤ ምክንያቱም ችኮላ ነው። ሰይፍ ዓሣ ማባበያውን መጀመሪያ በሰይፉ ይመታዋል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ ይውጣል። የዘንጉ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ዘንጉን መንጭቆ ማንሣት ከዓሣው አፍ ምግቡን መቀማት ነው። ዘንጉ ባለበት ይቆይ። ክብደቱ እየጨመረ ከሄደና ዘንጉ ከጎበጠ ብቻ ማጠንጠን ይጀመር፤ መንጭቆ መሳብ ሳይሆን ክሩ እስኪወጠር መጠቅለል ነው። ከተነካ በኋላ ዝም ካለ ማባበያውን አምስት ሜትር አውርዶ ቀስ ብሎ መመለስ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ምት ያመጣል።

አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ የተወጠረው ክር በድንገት ይላላል፣ ወይም ተንሳፋፊው ጠልቆ መጥፋቱ ቀርቶ በጎኑ ይጋደማል። እርሳሱን የያዘ ነገር ወደ ላይ እየዋኘ ነው ማለት ነው። ያኔ እጅ እስኪዝል በፍጥነት መጠቅለል ብቻ ነው፤ በላላ ክር መንጠቆ አይጸናም።

የሰይፍ ዓሣ አፍ ሥጋ ለስላሳ ነው። ስለዚህ የማጠንጠኛው ፍሬን ከመነሻው ከ4 እስከ 5 ኪሎ እንዲይዝ፣ የብስ ላይ እያሉ ክሩን በእጅ ሚዛን ስቦ መለካት ያስፈልጋል። መንጠቆው ጸንቶ ዓሣው ከተረጋጋ በኋላ እስከ 8 ወይም 9 ኪሎ ይጨመራል፤ ከዚያ በላይ ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ዓሣው እንደተያዘ ሌሎቹ ሦስት ክሮች ይነሣሉ። ካፒቴኑ ዓሣውን በጀልባው አንድ ጎን ያቆየዋል፤ ክሩ ከጀልባው ሥር ከገባ ይበጠሳል። ዓሣው ሽቅብ ወጥቶ ሊዘልል፣ ወዲያው ደግሞ መቶ ሜትሮችን ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። ሲሄድ መልቀቅ፣ ሲቆም መጠቅለል። ትልቅ ዓሣ ብዙ ሰዓት ሊያታግል ይችላል፤ በዘንግ የተያዘው የዓለም ክብረ ወሰን በ1953 እ.ኤ.አ. በቺሊ ኢኪኬ የተገኘው 536 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ነው።

ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ነገሩ ዓሣ ማጥመድ መሆኑ ይቀርና የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። በ1967 እ.ኤ.አ. አልቪን የተባለችውን የአሜሪካ የምርምር ሰርጓጅ 600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አንድ ሰይፍ ዓሣ ወግቷት፣ ሰይፉ አካሏ ላይ ተሰክቶ አብሯት ወደ ላይ ወጥቷል። የሰው እግር ከዚያ አይጠነክርም። ማንም በሰይፉ ፊት አይቁም፤ የጫፍ ክሩን የሚይዘው ሰው ወፍራም ጓንት ያድርግ፣ ክሩን እጁ ላይ ደጋግሞ አይጠምጥም። ለማስቀረት የተወሰነ ትልቅ ዓሣ በገመድ በታሰረ ጦር ከጉንጩ ክዳን ኋላ፣ ትከሻው ላይ ይወጋል፤ ሆዱ ላይ የተወጋ ጦር ይነቀላል፣ ሥጋውንም ያበላሻል። ቀጥሎ ረጅም እጀታ ባለው ቆልማማ ብረት ተይዞ፣ ጅራቱ በገመድ ታስሮ ይገባል።

የሚመለሰውና የሚወሰደው

መጠኑ የሚወሰነው ገና ውኃ ውስጥ ሳለ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከታችኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ጅራቱ መሰንጠቂያ ሲለካ ከ119 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ዓሣ ይለቀቃል፤ ሰይፉ በልኬቱ አይቆጠርም። የሚለቀቀው ዓሣ ወደ ጀልባ አይወጣም፤ መንጠቆው በቀላሉ ካልወጣ ክሩ ከአፉ አጠገብ ይቆረጣል። ለማጥመድ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወደ የብስ የመጣ እያንዳንዱ ሰይፍ ዓሣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል። በሰውና በጀልባ የተወሰነው ቁጥር ስለሚለዋወጥ ከመውጣት በፊት የወቅቱን መመሪያ ማየት ግድ ነው።

ይህን ሕግ እንደ ቢሮክራሲ የሚያይ ሰው የቅርቡን ታሪክ ልብ ቢል ይጠቅመዋል። በ1970ዎቹ በማያሚ ፊት ለፊት የተስፋፋው የሌሊት ማጥመድ፣ በኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ባለብዙ መንጠቆ ገመድ የሚዘረጉ የንግድ መርከቦች ከመጡ በኋላ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዓለም አቀፉ የአትላንቲክ ቱና ጥበቃ ኮሚሽን በ1999 እ.ኤ.አ. የአሥር ዓመት የማገገሚያ ዕቅድ አወጣ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፍሎሪዳን ምሥራቅ ጠረፍ ለእነዚያ ረጅም ገመዶች ዘጋች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የሰሜን አትላንቲክ ሰይፍ ዓሣ እንዳገገመ ተገለጸ። ዛሬ በዚያ ውኃ ላይ የሚያጠምድ ሁሉ የሚያገኘው ያኔ የተረፈውን ነው። ትንሹን ዓሣ ሳያቆስሉ መልቀቅ እንግዲህ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም።

የተወሰደው ዓሣ ወዲያው ደሙ ይፍሰስ፣ ሆድ ዕቃው ይውጣ፣ ባዶው ሆድ በበረዶ ይሞላ። ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ይታሰብ፤ በፍሎሪዳ የሙቀት ወራት ከዚህ ያነሰ አይበቃም። ጀልባው ጠባብ ከሆነና ዓሣው ከሳጥኑ ከረዘመ ሙቀት የሚከላከል የዓሣ ከረጢት መያዝ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ወለል ላይ ማሳደር ሥጋውን ማጣት ነው።

ሥጋውን ለዘመድ አዝማድ የሚያካፍል ሰው አንድ ነገር አብሮ ይንገር። ሰይፍ ዓሣ ረጅም ዕድሜ ያለው አዳኝ ስለሆነ በገላው ውስጥ ሜርኩሪ ያከማቻል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት ጨርሶ እንዳይበሉት ይመክራል፤ በመቀቀልም ሆነ በመጥበስ ሜርኩሪው አይወጣም።